አየሩ እንዴት ነው?

በረዶ ለኪው ወደ ስፌት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሊጣላ ነው። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባና በብብቱ ይዞት የመጣውን የመኝታ ከረጢት በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

«ይኼን የሰፋው ማን ነው?»

ከስፌት መኪናዎቹ ኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሁ ትያለሽ እንዴ! ለኃይለኛ ብርድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠኝ። ይኸው እግሬ የት እንደገባ እስካሁን እየፈለግኩ ነው!»

ሰውዬው የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የብርዱ ወራት በመጣ ቁጥር ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ይከርማል፤ የወደቀውን በረዶ ጥልቀት እየለካ ለመሥሪያ ቤቱ ያስታውቃል። ስፌት ቤቱ ደግሞ ለእሱና ለመሰሎቹ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ያቀርባል። ጨርቁን የሚቆርጠው የልጅቷ ታላቅ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ በቁመት ከበለጠችው በኋላ እንኳን «ሚጢ» ማለቱን አልተወም።

ሰፊዋ ከረጢቱን አገላበጠችው። ስፌቱን ዳሰሰች፣ ዚፑን ከፍታ ዘጋች፣ የላባውን ውፍረት በመዳፏ ለካች። ምንም አልጎደለውም።

«ሲተኙ ምን ለብሰው ነበር?»

«ያለኝን ሁሉ።»

«ያለኝን ሁሉ ማለት?»

«ሁለት ሹራብ፣ ካፖርት፣ ከካፖርቱ ላይ ሌላ ካፖርት።»

«ጫማዎትንስ አውልቀው ነበር?»

ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞር አለ። «ጫማ… ጫማ አላወለቅኩም።»

የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰፊዋ ብቻ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በእጇ ጠረጴዛውን አሳየችው።

«ይግቡ።»

«የት?»

«ከረጢቱ ውስጥ ነዋ። እንደዚያን ቀን ሆነው ይግቡ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጥሏት ይወጣ ነበር። እሱ ግን እልኸኛ ነው፤ በእነዚያ ሁሉ ሴቶች ፊት ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ከነካፖርቱ እየተገፋ ገባ። ሰፊዋ አንገቱ ድረስ ዚፑን ሳበችለትና በጣቷ ደረቱን ነካ ነካ አደረገችው።

«አየህ? እዚህ ጋ ላባው ትንፋሽ አጥሮታል። ጨፍልቀህ ገድለኸዋል። ላባ የሚያሞቀው ሲነፋ ነው። ደግሞ ከረጢት እሳት አይደለም እኮ! የራስህን ሙቀት ነው አቅፎ የሚያቆይልህ። በርዶህ ከገባህ ብርድህን አቅፎልህ ያድራል።»

«እርስዎ» የሚለው የት እንደቀረ አላወቀችውም። እሱ ግን ልብ ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ቁልቁል የምታየውን ልጅ ቀና ብሎ ያያል፤ ቅንድቧ ላይ ነጭ የላባ ብናኝ ተጣብቋል። ሊጣላ መምጣቱን የረሳው ያኔ ይመስለኛል።

«እና ምን ላድርግ?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ነገረችው። ከመግባትህ በፊት ብላ፤ ሆድ ባዶውን አይሞቅም። ትንሽ ዝለል፣ ግን እስኪያልብህ አይደለም። እርጥብ ነገር ሁሉ ይውለቅ። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ሰምቶ ሲጨርስም ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ቆየ። መውጣቱን የረሳ ሰው ይመስል ነበር። «ወንድሜ፣ ጠረጴዛው ለሥራ ይፈለጋል» ያለው ጋሼ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በሬድዮ ሆነ።

የመሥሪያ ቤቱ ሬድዮ ክፍል ከስፌት ቤቱ ጋር አንድ ግቢ ይጋራል። እዚያ ያለችውን ሠራተኛ ሁሉም «እትዬ ሬድዮ» ነው የሚላት፤ ጆሮዋን ከመሣሪያው፣ ዓይኗን ከመስኮቱ የማትነቅል ሴት ናት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ያሉት ለኪዎች በየተራ ቁጥራቸውን ይነግሯታል። አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ «ተቀበል» ይላል፤ ሁሉን ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ «ጨርሻለሁ» ይላል። አንድ ቀን በረዶ ለኪው ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ «ስለ ዕቃው ከስፌት ቤት ጋር ጉዳይ አለኝ» አለ። እትዬ ሬድዮም ሰፊዋን በመስኮት ጠራቻት።

«እንዳልሽኝ አደረግኩ» አለ ድምፁ፣ በነፋስ እየተቆራረጠ። «ደረቅ ካልሲ ቀየርኩ፣ በኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልቼ እግሬ ሥር አደረግኩ። ላብ ላብ ሊለኝ ምንም አልቀረው። ተቀበዪ።»

«ኮፍያስ አድርገህ ነው የተኛኸው? ተቀበል።»

«ኮፍያ አላልሽኝም። ተቀበዪ።»

«ይኸው አሁን አልኩህ። ከሥርህስ ምን አነጠፍክ? ብርዱ እኮ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ መሬቱ ነው ሙቀትህን የሚጠጣብህ። ደርበህ አንጥፍ። ተቀበል።»

በማግሥቱም ጉዳይ ነበረው። በሦስተኛው ቀንም። ዚፕ፣ ካስማ፣ የድንኳን ገመድ፤ ዕቃ እንደዚያ ተመርምሮ አያውቅም። ችግሩ ግን ሬድዮውን የሚሰማው ተራራው በሙሉ ነው። ማዶ ጫፍ ላይ ያሉት ሽማግሌ ለኪ ሳይቀሩ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያዳምጣሉ። በዚያ ሁሉ ጆሮ መሐል ሁለት ወጣቶች ምን ሊባባሉ ይችላሉ? ስለ አየር ጠባይ ብቻ።

«እዚያ ታች አየሩ እንዴት ነው? ተቀበዪ።»

«ሞቋል። ተቀበል።»

«እዚህም ሞቋል።»

እትዬ ሬድዮ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከጣሪያው ጠርዝ በረዶው እንደ ሻማ ተንጠልጥሏል። ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሴትዮዋ አፏን ዘግታ መዝገቧ ላይ አቀረቀረች። የማዶው ሽማግሌ ግን አልቻሉም፤ «እናንተ ዘንድ ምን ዓይነት ሙቀት ነው እባካችሁ? እኛ ጢማችን በረዶ ሠርቷል! ተቀበሉ» ብለው በመሐል ገቡ።

እንዲህ እንዲህ እያለ «ሞቋል» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር ቻለ። ናፍቀሽኛል ማለትም ሆነ፤ አስቤህ ዋልኩ ማለትም ሆነ። «በጣም ሞቋል» የተባለ ዕለት ሰፊዋ እየዘፈነች ትሰፋለች፤ ጋሼ መቀሱን ይዞ በጎን ያያታል።

የብርዱ ወራት ሲጋመስ ስንቅ ሊወስድ ወረደና ስፌት ቤቱ በር ላይ ጠራት። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ። ሬድዮ ላይ እንደዚያ የሚንጣጣው ሰው ፊት ለፊት ሲሆን ቃል ያጥረዋል።

«የዚህ ተራራ ውሌ እያለቀ ነው» አለ። «አንድ ሌላ ሩቅ ተራራ አለ፣ ሦስት ዓመት ነው። ሹመትም አለው። ከዚያ በቶሎ አይወረድም። ልሂድ ወይስ እዚሁ ውሌን ላድስ ብዬ…»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ።»

  እዚያው በሩ ላይ «ቆይ» ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ግን ካሳደጋት ወንድሟ ተደብቃ ቃል መስጠት አልሆነላትም። «ለጋሼ ልንገረውና በሬድዮ እነግርሃለሁ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።

ጋሼ ነገሩን ሰምቶ መቀሱን አስቀመጠ።

«ልጁ ክፉ አይደለም፣ ሚጢ። ግን ግማሹን ዓመት ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ባል ነው ወይስ እንግዳ? መጣልኝ ስትዪ ሊሄድ ይነሣል። እኔ አንቺን ያሳደግኩት መንገድ መንገድ እያየሽ እንድትቀሪ ነው?»

«ጋሼ ሙት፣ አንድ ጊዜ አስብበት።»

«አስቤ ነው የምልሽ።»

አኮረፈች። እሱም አኮረፈ። እንዲህ ሆነው በሰነበቱበት አንድ ቀን የስፌት ቤቱ የብረት ምድጃ ጭስ ማውጫው ተደፈነና እሳቱ ጠፋ። ቤቱ ቀዘቀዘ፤ የሰፊዎቹ ጣት መርፌ መያዝ አቃተው። ሰፊዋ እጇን ለማሞቅ ሬድዮ ክፍል ገብታ ሳለ የእሱ ድምፅ መጣ።

«ስፌት ቤት አለች? አየሩ እንዴት ነው? ተቀበዪ።»

ጥርሷ እየተንገጫገጨ መነጋገሪያውን ተቀበለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታስብ ነበር። ያን ቀን ግን ብርዱ አንጎሏ ድረስ ገብቷል።

«ኧረ ተወኝ፣ በርዷል! ከነጭራሹ በርዷል። እሳቱም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ የሚነድም አይመስለኝ። ተቀበል።»

በሬድዮው በኩል ነፋሱ ብቻ ያፏጫል።

«ተቀብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ጨርሻለሁ።»

ምስኪን! እሷ እኮ ምንም አልጠረጠረችም። ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ጭስ ማውጫውን የሚጠርገው ሰው መጥቶ፣ እሳቱ ተያይዞ፣ ከጓደኞቿ አንዷ «ተመስገን፣ ሞቀ!» ስትል ነው ክው ያለችው። ሞቀ። በርዷል። ከነጭራሹ በርዷል! የያዘችውን ጥላ በግቢው ሮጠች፤ ሬድዮው ግን ተዘግቷል።

በማግሥቱ ከእትዬ ሬድዮ ጎን ተቀምጣ ጠበቀች። እሱ ቁጥሩን በደረቁ ተናገረና፣ «ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሩቁ ተራራ እሄዳለሁ ብለሽ ጻፊልኝ። ጨርሻለሁ» ብሎ ወዲያው አጠፋው። አፏን ለመክፈት እንኳ ጊዜ አልሰጣትም።

«መልሱ ሰኞ ነው የሚላከው» አለቻት እትዬ ሬድዮ። «ከሄደ አይመለስም። ከፈለግሽ ነገ ቀድሜው እኔ ልናገርልሽ። ልጄ፣ ‹ምድጃው ነው የጠፋው› ልበለው?»

«ተራራው ሁሉ እየሰማ? አይሆንም እትዬ። ደግሞስ ያመነኛል? እኔው ሄጄ ዓይኑን እያየሁ ነው የምነግረው።»

ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ የምትወስደው መኪና ልትነሣ ስትል ሰፊዋ ካፖርቷን ደርባ፣ የራሷን የመኝታ ከረጢት ተሸክማ መጣች። ጋሼ ከኋላዋ ደረሰ። የሱም ከረጢት ትከሻው ላይ ነው።

«ልትመልሰኝ ነው?» አለችው።

«ብቻሽን ትሄጃለሽ እንዴ?» አለና በሹፌሩ በኩል ዞሮ ገባ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም።

መኪናዋ መንገዱ እስካለቀበት ሄደች። ከዚያ በእግር ነው። በረዶው እስከ ጉልበት ያሰምጣል፤ ነፋሱ ፊትን ይገርፋል። የበረዶ ለኪው ድንኳን ጋ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሮ ወርዶ ነበር። እሱ በረዶው ላይ የተተከለ ዘንግ ጎን በርከክ ብሎ ቁጥር ያያል። ቀና ሲል አያት። ከዘንጉ ጋር ተያይዞ ቀረ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ፣ ወደ ጋሼ እያየ። እሷን ማየቱን ፈርቷል።

«እሷን ጠይቃት። እኔ ተከትዬ ነው የመጣሁት» አለ ጋሼ።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ማዕበሉ ደረሰ። በዚያ ነፋስ ውስጥ ፍቅር ቀርቶ ስም መጥራት አይቻልም። ሦስቱም የድንኳኑን ገመድ ሲያጠባብቁ፣ በረዶ ሲዝቁ፣ ስንቅ ሲያስገቡ ጨለመ።

ድንኳኗ ጠባብ ናት፤ ግን ሦስት ሰው በአንድ ላይ ሲሆን ይሞቃል። ለኪው ውሃ አፈላ፣ ሾርባ አሞቀ፣ ለእያንዳንዳቸው በኮዳ ሙቅ ውሃ ሞላ። መሬቱ ላይ ስፖንጅ ደራርቦ አነጠፈ። ደረቅ ካልሲ ቀየረ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ሳበ። ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነው የሚያደርገው። እሷ በእጇ ኩባያውን ይዛ ታየዋለች፤ አንጀቷን በላት።

«ይኼን ቀዳዳ ማን ነው የከፈተው?» አለ ጋሼ፣ ከድንኳኑ አናት ብርድ ሲገባ አይቶ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ለኪው። «እስትንፋሳችን በዚያ ካልወጣ ጣሪያው ላይ በረዶ ሆኖ ይዘንብብናል።»

ጋሼ ‹ጋሼ› መባሉን ሰማና ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ ዕቃ እንደሚደረድር ሰው በጣቱ ቦታ ደለደለ። «አንተ እዚያ ጥግ። ሚጢ እዚህ ጥግ። መሐል እኔ ነኝ።»

ክርክር አልነበረም። መሐሉ ደግሞ ከሁሉ ይሞቃል፤ ጋሼ ብርድ የሚባል ነገር አይችልም። ከረጢቱን አንገቱ ድረስ ዘግቶ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። ሸራው ይርገበገባል፤ ከዳርና ከዳር የተኙት ሁለቱ ጣሪያውን ያያሉ።

«ነቅተሃል?» አለች በሹክሹክታ።

«ነቅቻለሁ።»

«ያን ቀን እሳቱ የእውነት ጠፍቶ ነበር።»

«አውቃለሁ። ነግረሽኛል እኮ።»

«አላወቅክም! ምድጃው! የብረቱ ምድጃ ነው የጠፋው! ጭስ ማውጫው ተደፍኖ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ… በርዷል ያልኩህ ስለበረደኝ ነው!»

ወዲያ ማዶ ያለው ከረጢት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን በኮፍያው አፍኖታል።

«እህል አልበላ ያለኝ፣ ሥራ አልሠራ ያለኝ… በጭስ ማውጫ ነው?»

«አትሳቅ! ልትሄድብኝ ነበር እኮ።» ድምጿ ተሰበረ። «ሁለተኛ በአየር ጠባይ አላወራህም። እወድሃለሁ። እንድትሄድ አልፈልግም። በቃ፣ ይኼው ነው።»

 መልሱ ሲመጣ ድምፁ ሌላ ነው፤ የሳቁ ቀርቶ የዕንባ ነው።

«እኔም እወድሻለሁ። ነገ ለእትዬ ሬድዮ አልሄድም እላታለሁ። ሰኞ ሳይመጣ።» አሰብ አደረገና፣ «ጋሼስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«አልተቀበለኝም። እኔ ደግሞ እሱ ሳይመርቀኝ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። እናትም አባትም የሆነኝ እሱ ነው። ቀስ ብዬ እለምነዋለሁ።»

«አብረን እንለምነዋለን። የምለካው እዚሁ ተራራ ላይ ከሆነ በየሳምንቱ መውረድ እችላለሁ። መንገድ ስታይ እንድትኖር እኔም አልፈልግም።»

ማንኮራፋቱ መቼ እንደቆመ ሁለቱም ልብ አላሉም። ጋሼ ድንገት ዚፑን ሳበና ቁጭ አለ።  ማንንም ሳያይ ጫማውን አጠለቀ፣ እየተነጫነጨ ወጣ። ቆየ። በበረዶው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል እርምጃው ይሰማቸዋል። ሰፊዋ ምን ይለኝ ይሆን እያለች ከረጢቷን በጥርሷ ነክሳ ጠበቀች።

ሲመለስ ትከሻው ላይ በረዶ ተከምሯል። ጎንበስ ብሎ ከራስጌዋ ቆመ።

«ወደ መሐል ሂጂ» አላት።

«እ?»

«መሐል ግቢ አልኩሽ። ዳር ዳሩ በረዶ ነው።»

«አንተስ ጋሼ? አንተ እኮ ብርድ አትችልም።»

«ሹራብ ደርቤያለሁ።»

ከነከረጢቷ እየተንፏቀቀች ወደ መሐል ገባች። ጋሼ የራሱን ከረጢት ሸራው ሥር ዘረጋ፤ ፊቱን ወደ ሸራው፣ ጀርባውን ወደ እነሱ አድርጎ ተኛና ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ሳበ።

«ነገ ስትነግራት» አለ ሳይዞር፣ «ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር። ሴትዮዋ ተሳስታ ሌላ ነገር እንዳትጽፍ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ በረዶ ለኪው፣ በመከራ።

ሰፊዋ በአንድ በኩል የሚወዳት ሰው ትንፋሽ ይሰማታል፤ በሌላው በኩል የወንድሟ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማታል። እጇን አውጥታ የራሷን ኮዳ በጀርባው በኩል ከረጢቱ ውስጥ ከተተችለት። ጋሼ ዝም ብሎ ተቀበላት።